በአሮጌ ስኪ ላይ ስለሚቆም የዓሣ አጥማጆች ሠረገላ

ሐይቅ የታንኳ መንገድ እንጂ የእግር መንገድ አለመሆኑን በጣናና በዝዋይ ያየን እኛ፤ በሰሜን አሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት ሰው በሐይቅ ላይ እየተራመደ ሄዶ፤ ፊቱን እንደ ጕድጓድ ቈፍሮ ዓሣ ያወጣል ሲሉን ነገሩ ተረት ይመስለናል። ነገር ግን እውነት ነው። በዚያ አገር ከአሥር ሺሕ የሚበልጡ ሐይቆች አሉ፤ በክረምትም ጊዜ የሐይቆቹ ፊት እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ክረምት ስንል የዝናቡን ክረምት አይደለም፤ ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ እስከ መጋቢት የሚዘልቀውን የብርዱን ወራት ማለታችን ነው። ዛሬ ከአገራችን ሰዎች ብዙ ቤተ ሰቦች በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ከተማ ስለሚኖሩ፤ ልጆቻቸውም የጎረቤቶቻቸውን ልጆች አይተው «እኛስ መቼ ወደ በረዶው እንወርዳለን?» ማለታቸው ስለማይቀር፤ ነገሩን ማወቅ ለእኛም የሚጠቅም ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ቃሉ እንስማማ። በቋንቋችን በረዶ የሚለው ቃል ብዙ ነገር ያጠቃልላል፤ በዚህ ጽሑፍ ግን ከሰማይ የሚወርደውን ለስላሳውን አመዳይ፤ በሐይቁ ፊት የረጋውን ደረቁን ደግሞ ግግር እያልን እንናገራለን። ውሃ እጅግ የሚከብደው ሙቀቱ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ነው፤ ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ እንደ ገና ይቀላል። ስለዚህ ግግሩ ከላይ ይንሳፈፋል፤ በሥሩ ያለው ውሃ ሳይረጋ ይቀራል፤ ዓሣውም በዚያ በጨለማው ውስጥ በዝግታ እየዋኘ ክረምቱን ይከርማል። አጥማጁም በግግሩ ላይ ጠባብ ቀዳዳ ሰርስሮ መንጠቆውን ወደ እርሱ ያወርዳል።

ጭንቁ ያለው ዓሣውን ከመያዝ ይልቅ ዕቃውን እዚያ ከማድረስ ላይ ነው። ሚል ላክስ የሚባለው የሚኒሶታ ሐይቅ ብቻውን ስፋቱ ከ500 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ይኸውም የጣናን አንድ ስድስተኛ ያህላል። በእንዲህ ያለ ሐይቅ ላይ ዓሣ የሚገኝበት ስፍራ ከዳር ብዙ የሚርቅበት ጊዜ አለ። አጥማጁ ግግሩን የሚበሳበትን ትልቅ መሰርሰሪያ፤ ከነፋስ የሚጠለልበትን ድንኳን፤ ማሞቂያውን፤ ዘንጎቹን፤ መቀመጫውን፤ ስንቁንና ደረቅ ልብስ ይይዛል። ይህ ሁሉ ሲደመር 40 ኪሎ ቢሞላ አያስደንቅም። ይህን በጀርባ ተሸክሞ በሚያዳልጥ ነገር ላይ መሄድ ለወገብም ለአንገትም የሚያሠጋ ነው።

ከሱቅ የሚገዛው መጐተቻ እንደ ገበቴ ጐድጐድ ያለ፤ ከታች ልሙጥ የሆነ የፕላስቲክ ዕቃ ነው። ይህ ገበቴ በደረቅ አመዳይ ላይ መልካም ይሄዳል። ነገር ግን አመዳዩ በበዛ ጊዜ ክብደቱ ግግሩን ወደ ታች ይጫነዋል፤ በዚህም ጊዜ የሐይቁ ውሃ በስንጥቁ በኩል ወደ ላይ ወጥቶ ከአመዳዩ ጋር ይቀላቀልና ማጥ ይሆናል። ማጡ ከላይ በነጭ አመዳይ ስለሚሸፈን በዐይን አይታይም። ገበቴው ወደዚያ ሲገባ ሆዱ በሙሉ ይጣበቃል፤ ጐታቹም ጥቂት ዐረፍ ልበል ብሎ የቆመ እንደ ሆነ ማጡ ከገበቴው ሥር ይረጋና እንደ ኖራ ይይዘዋል። በዚያ ብርድ ውስጥ በላብ ተነክሮ የቆመ ሰው ደግሞ ላቡ ሲቀዘቅዝ ለበሽታ ይጋለጣል።

ለዚህ ችግር የአገሩ ዓሣ አጥማጆች መድኀኒት ያደረጉት በየቤታቸው የሚሠሩትን ስሚቲ የሚሉትን ሠረገላ ነው። ስሚቲ መንኰራኵር የለውም፤ ሁለት አሮጌ ስኪዎች፤ በስኪዎቹ ላይ የቆሙ ሁለት ጣውላዎች፤ ጣውላዎቹን የሚያያይዙ ጥቂት አግዳሚዎች፤ ይኸው ነው። ገበቴው ከነዕቃው ከላይ ይቀመጥና በጠፍር ይታሰራል። ሆዱ ከማጡ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ስለሚል የሚነካው ስኪው ብቻ ይሆናል፤ ስኪውም ጠባብና ረጅም፤ አፍንጫው ወደ ላይ የተቈለመመ ስለ ሆነ ማጡን ሰንጥቆ ያልፋል። በደልዳላ ስፍራ፤ በደህና አመዳይ ላይ፤ 40 ኪሎውን ለመጐተት የሚያስፈልገው ኀይል ከ2 እስከ 4 ኪሎ የሚመዝን ዕቃ ለማንሣት እንደሚያስፈልገው ያህል ብቻ ነው።

ሸክምን በሰፊ ስኪ ላይ ማቆም አዲስ ዐሳብ አይደለም። በኋላ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር የኖርዌይ መልእክተኛ የነበረውና በ1922 የኖቤልን የሰላም ሽልማት የተቀበለው ፍሪድዮፍ ናንሴን፤ በ1888 ከአምስት ጓደኞቹ ጋር ግሪንላንድን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሲያቋርጥ (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)፤ የሠረገላዎቹን መሮጫ እንደ ስኪ ሰፋ አድርጎ አሠርቶ ነበር። ከሁሉ የሚደንቀው ግን መጋጠሚያዎቹ ነገሩ ነው፤ በሚስማር ከመቸንከር ይልቅ በማሰሪያ እንዲታሰሩ አደረገ። የእኛ ገበሬ ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር በምራን የሚያስረው ስለምን እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው ይህን ወዲያው ያስተውለዋል፤ የታሰረ ነገር መሬቱ ሲጐረብጥ ይለመጣል፤ የተቸነከረ ግን ይሰበራል። ስሚቲን የሚሠራም ሰው ይህንኑ ቢያስብ ይጠቀማል።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። ስኪው አሮጌ ቢሆን ይሻላል እንጂ አዲስ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። የተራራ ቍልቍለት የሚወርዱበት፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስፋቱ ብዙ የማይለዋወጥ፤ ርዝመቱ 170 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የድሮ ስኪ ለዚህ ይስማማል። በሜዳ ላይ የሚሮጡበት ቀጭኑ ስኪ ግን ሸክም ሲጫንበት በአመዳዩ ውስጥ ይሰምጣል። የጫማው ማሰሪያ ብረት ይፈታል፤ በስፍራው የቀሩትም ቀዳዳዎች በእንጨት ሽብልቅና በማጣበቂያ ይደፈናሉ። ይህን ቸል ያለ እንደ ሆነ ውሃ ወደ ስኪው ልብ ይገባና ሲረጋ እያበጠ ይሰነጥቀዋል።

ቀጥሎ 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት፤ 20 ሴንቲ ሜትር ቁመት፤ አንድ ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት ጣውላዎች ይዘጋጃሉ። እነዚህ በጎናቸው በስኪዎቹ ላይ ይቆማሉ። የፊታቸው ጫፍ በሰያፍ ይቈረጥ፤ አለዚያ አመዳይ እየገፉ ይሄዳሉ። አሁን ብዙዎች የሚሳሳቱበት ስፍራ መጣ። ስኪ ባዶውን መሬት ላይ ሲያስቀምጡት መካከሉ እንደ ደጋን ጥቂት ከፍ ይላል፤ ይህም ጕድለት አይደለም፤ ሸክም ሲጫነው ተዘርግቶ ክብደቱን ለመላው ርዝመቱ እንዲያካፍል ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ጣውላውን ከዳር እስከ ዳር በብሎን ያጠበቀ ሰው ይህን ጠባዩን ይገድለዋል፤ ስኪውም ደረቅ አጥር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ብሎኑ ከስኪው መካከል 40 ሴንቲ ሜትር በሚሆነው ክፍል ላይ ብቻ ይግባ፤ የፊቱና የኋላው ነጻ ሆኖ ይለመጥ። ብሎኑ የሚገባው ከስኪው በታች ወደ ጣውላው ነው፤ ራሱም ከስኪው ገጽ ኹለት ሚሊ ሜትር ያህል ጠልቆ በማጣበቂያ ይሸፈን። ጥቂት እንኳ ብቅ ካለ መንገዱን ሁሉ እየቧጨረ እንደ ማረሻ ይጐተታል።

ሁለቱን ጐኖች የሚያያይዙት አግዳሚዎች ሦስት ወይም አራት ሞራሌዎች ናቸው። ከአንዱ ስኪ መካከል እስከ ሌላው ስኪ መካከል 55 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ጥሩ ነው፤ ሲጠብብ ሠረገላው በጎኑ ይወድቃል፤ እጅግ ሲሰፋም አንዱ ስኪ በተረገጠው መንገድ ሌላው በጥልቁ አመዳይ ይሄዳል። ከአግዳሚዎቹ ሌላ ከጣውላው ወደ አግዳሚው በሰያፍ የሚወጡ አጫጭር ድጋፎች ያስፈልጋሉ፤ ያለ እነዚህ ድጋፎች ሠረገላው ጎርባጣ ስፍራ ሲያገኝ በአንድ ወገን ይታጠፋል።

ብሎኖቹ ፈጽሞ ከመጥበቃቸው በፊት ልጅን ጠርቶ የገመዱን አንድ ጫፍ ማስያዝ ነው። በሁለቱ ስኪዎች አፍንጫ መካከል ያለው ርቀትና በጭራቸው መካከል ያለው ርቀት ይለካ፤ እኩል ካልሆነ እኩል እስኪሆን ድረስ ይቃና። ከዚያም በሰያፍ ይለካ። በቀንበር የተጠመዱ ሁለት በሬዎች ፊታቸውን እርስ በርሳቸው አዙረው ሲገፋፉ እርሻው እንደማይሄድ ሁሉ፤ አፍንጫቸው ወደ ውስጥ ያዘነበለ ስኪዎችም ጐታቹን በከንቱ ያደክሙታል። ይህን የመለካት ሥራ ለልጁ ሙሉ በሙሉ መተው መልካም ይመስለናል፤ ልጅ በገመድ ሲለካ ከዐዋቂ ይልቅ ይጠነቀቃልና።

ከዚህ በኋላ እንጨቱ የተልባ ዘይት ይቀባል፤ የስኪው ሥርም የስኪ ሰም ወይም ሌላ ባይገኝ የሻማ ሰም ይታሻል። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩ ቦውደንና ሂዩዝ የተባሉ ሊቃውንት በ1939 እንደ ገለጡት፤ ስኪ በአመዳይ ላይ ሲንሸራተት ፍትጊያው ጥቂት ሙቀት ይወልዳል፤ ሙቀቱም እንደ ስስ ቅባት የሚያገለግል የውሃ ሽፋን ይፈጥራል። ብርዱ እጅግ ሲጸና ግን ይህ ሽፋን ይሳሳል፤ አመዳዩም እንደ አሸዋ ይሻክራል። ትናንት የቀለለው ሠረገላ ዛሬ ቢከብድ ስለዚህ ነው፤ ሠሪው አጥፍቶ አይደለም።

መጐተቻው ተራ ገመድ ቢሆን ይበቃል የሚሉ አሉ። በደልዳላ ስፍራ ይበቃል፤ ነገር ግን በጠራ ግግር ላይ ጐታቹ ሲቆም ሠረገላው አይቆምም፤ ከኋላ መጥቶ ተረከዙን ይመታዋል። ስለዚህ ሁለት የቀርከሃ ወይም የፋይበር መስታወት ዘንጎች፤ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ከሰማንያ ገደማ፤ ከፊተኛው አግዳሚ ተነሥተው በመካከል እንደ መስቀል ተላልፈው ከወገብ መታጠቂያ ጋር ይያያዛሉ። ዘንጎቹ የተላለፉ እንደ ሆነ ሰውየው ሲዞር ሠረገላውም ተከትሎ ይዞራል። ተራው የውሃ ቧንቧ ፕላስቲክ ግን ብርድ ሲጸናበት እንደ ሸክላ ይሰበራልና አይመረጥም።

በዚህ መታጠቂያ ላይ ጥቂት እንቆይ። ሠረገላው ከሰው ወገብ ጋር የታሰረ ስለ ሆነ፤ ግግሩ ከሰውየው እግር በታች ቢከዳ 40 ኪሎው በላዩ ይመጣል፤ ወይም ከኋላ ይዞ ያስቀረዋል። ስለዚህ ማሰሪያው ወፍራም ጓንት ባጠለቀ እጅ፤ በአንድ ስበት ብቻ የሚፈታ መሆን አለበት፤ ይህም በሐይቅ ላይ ሳይሆን አስቀድሞ በቤት ደጅ፤ ዐይንን ጨፍኖ፤ አሥር ጊዜ ያህል ይፈተን። የማይፈታ ማሰሪያ ካለው ሠረገላ በእጅ የተያዘ ተራ ገመድ እጅግ ይሻላል።

በሠረገላው ላይ ከባዱ ዕቃ ከታችና ከመካከል ይቀመጣል፤ ቀላሉ ከላይ ይሆናል። በሠረገላው ላይ ፈጽሞ የማይጫኑ ሦስት ነገሮች ግን አሉ። አንደኛው ግግሩን እየወጉ የሚፈትኑበት እንደ ዲጂኖ ያለ ብረት ነው፤ እርሱ በጐታቹ እጅ ይሁን። ሁለተኛው በገመድ ተያይዘው ከአንገት የሚንጠለጠሉ ሁለት ወስፌዎች ናቸው፤ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው ግግሩን የሚቧጥጠው በእነርሱ ነው። ሦስተኛው የሚወረወር ገመድ ነው፤ ይህም በትከሻ ይንጠልጠል። ሸክሙ ሲቀል ሰው ሁሉን ነገር በሠረገላው ላይ መወርወር ይወዳል፤ በችግር ጊዜ ግን ሠረገላው ከሰውየው ጋር እንደማይገኝ አያስብም።

የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት የሚሰጠው ምክር ይህ ነው፤ በእግር ለሚሄድ ሰው አዲስና የጠራ ግግር ቢያንስ 4 ኢንች፤ ማለት 10 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ለትንሽ አውቶሞቢል ከ9 እስከ 10 ኢንች ያስፈልጋል። ነጩ፤ ከአመዳይ ጋር የተቀላቀለው ግግር የጠራውን ግማሽ ያህል ብቻ ስለሚጠነክር ውፍረቱ ዕጥፍ ይፈለጋል። ውፍረቱም አንድ ጊዜ ተለክቶ የሚተው አይደለም፤ በየ45 ሜትሩ ያህል ይለካል፤ ወንዝ በሚገባበትና ምንጭ በሚፈልቅበት ዘንድ ግግሩ ሳስቶ ይገኛልና። ያም ሆኖ መሥሪያ ቤቱ ፍጹም የማያሠጋ ግግር የለም ይላል። ስሚቲ ዋጋው የሚታወቀው በዚህ በመጀመሪያው ወቅት ነው፤ ግግሩ ሰውን ችሎ አውቶሞቢልን በማይችልበት ጊዜ። ትልቁ አደጋም ያለው በዚሁ ወቅት ነው።

የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲው ሊቅ ጎርደን ጊስብሬክት በብርድ ውሃ ውስጥ ስለሚወድቅ ሰው ያስተማሩት ቍጥር በቃል ለመያዝ ይቀላል፤ አንድ፤ አሥር፤ አንድ ይሉታል። በመጀመሪያው 1 ደቂቃ ትንፋሽ ይቈራረጣልና ሰውየው ትንፋሹን ብቻ ይግዛ፤ ቀጥሎ 10 ደቂቃ ያህል እጅና እግሩ ይታዘዙለታል፤ አእምሮውን የሚስተው ግን 1 ሰዓት ያህል ቈይቶ ነው። እንግዲህ ጊዜ አለ። የወደቀው ሰው ፊቱን ወደ መጣበት አቅጣጫ ያዙር፤ ያ ግግር እስከዚያ ድረስ ችሎት ነበርና፤ ወስፌዎቹን ተክሎ በእግሩ እየራገጠ በደረቱ ይውጣ፤ ከወጣም በኋላ አይቁም፤ እየተንከባለለ ይራቅ። ሌላው ሰው ወደ ቀዳዳው አይቅረብ፤ ገመድ ይወርውር።

ስለ ልጆች አንድ ነገር እንጨምር። ሠረገላው እንዲያ ሲንሸራተት ያየ አባት ትንሹን ልጁን በዕቃው ላይ ሊያስቀምጠው ይወዳል፤ ልጁም ይለምነዋል። ግግሩ ገና ስስ በሆነበት ወቅት ይህ አይደረግም፤ ልጁም ከነጭራሹ በዚያ ስፍራ ባይገኝ ይሻላል። ግግሩ እጅግ በጠነከረበት ወራት ቢቀመጥ እንኳ አባትየው መታጠቂያውን ፈትቶ በእጁ ገመድ ይጐትት፤ ልጁም በሠረገላው ላይ አይታሰር፤ የሚያንሳፍፍ ሰደርያም ይልበስ። ልቅሶውን ለማስቆም ብሎ ይህን የሚያጓድል አባት ልቅሶውን ወደ እናቲቱ ያዞረዋል።

በድንኳኑ ውስጥ የሚነደው ማሞቂያም በአገራችን በተዘጋ ቤት ውስጥ እንደሚነድ ከሰል ነው፤ የአየር መግቢያ ካልተተወለት ጢሱ ሳይታይ ይገድላል። ድንኳኑ ሲተከል ሠረገላው ከውጭ በባዶ ግግር ላይ አይተው፤ ስኪዎቹ ወደ ታች እንዳይረጉ በሁለት ጕማጅ እንጨት ላይ ይሰቀል ወይም በጎኑ ይጋደም። አመዳዩ ከጕልበት በላይ በሆነ ቀንም ስሚቲ አይረባም፤ ስኪው ሰምጦ አግዳሚው አመዳዩን ይገፋል። በዚህ ጊዜ ገበቴው ከላዩ ወርዶ በሆዱ ይጐተታል፤ ስሚቲውም ተራውን በገበቴው ውስጥ ተጭኖ ይሄዳል። ቀላል ሆኖ መሠራቱ ለዚህ ነው፤ ከ10 ኪሎ ባይበልጥ ይመረጣል።

ማታ ወደ ቤት ሲመለሱ ዓሣው ለእናቲቱ ይሰጣል፤ ሠረገላው ግን እርጥብ እንደ ሆነ ወደ ጐተራ አይጣልም። ስኪዎቹ በጨርቅ ይወለወሉ፤ ብረት ያለበት ጠርዝ ዝገት እንዳይዘው ዘይት ይነካ፤ ብሎኖቹ አንድ በአንድ በእጅ ይፈተኑ፤ የላላ ካለ በዚያው ሌሊት ይጥበቅ፤ ከዚያም በኋላ ስኪዎቹን ወደ ላይ አድርጎ በግድግዳ ላይ መስቀል ነው።